አሳንሰሩን ስላስቆመችው ወንበር

ለቤቶች አስተዳደር መሥሪያ ቤት
ለአሳንሰር እድሳት ፕሮጀክት ክቡር ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለ ማቅረብ፣ ሌላ ስም ስላጣሁለት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን በትሕትና እያቀረብሁ ለእርስዎም፣ ለቤተሰብዎም፣ ዕረፍት ላይ ላለው ብዕርዎም ጤንነትን እመኛለሁ። ጉልበትዎ እንደ ብረት፣ ወገብዎ እንደ ዋርካ፣ ዳሌዎ ደግሞ ዘይት እንደ ጠጣ ማጠፊያ ያለ ድምፅ የሚታዘዝ ይሁንልዎት፤ ይህን ከልቤ የምመኝልዎ በሰባ ዘጠኝ ዓመቴ ሰው ከአካሉ ምን ምኑን በቅድሚያ እንደሚያጣ ስለማውቅ ነው። እኔና ባለቤቴም፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደኅና ነን፤ እሷ ቤት ውስጥ ደኅና ናት፣ እኔ ደረጃ ላይ ደኅና ነኝ።

ራሴን ሳላስተዋውቅ ብቀጥል ነውር ይሆናል። ከምታስተዳድሩት ባለ ስምንት ፎቅ ሕንፃ በሰባተኛው ላይ፣ በግራ በኩል የምኖር ጡረተኛ አናጢ ነኝ። ሠፈርተኛው “አባ መጋዝ” ይለኛል፤ ገሚሱ ለሙያህ ነው ሲለኝ ገሚሱ ለምላስህ ነው ይለኛል፣ እኔም ከሁለቱ ወገኖች ጋር በሰላም እኖራለሁ። ባለቤቴ ከእኔ ጋር ሃምሳ ሁለት ዓመት የኖረች ሴት ናት፤ ይህን የምጠቅሰው ስለ ትዕግሥቷ ሌላ ማስረጃ እንዳይጠይቁኝ፣ ያንንም ትዕግሥት ለመጨረስ የበቃ የመጀመሪያው አካል የእርስዎ መሥሪያ ቤት መሆኑን አውቀው እንዲኮሩበት ነው።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላልና ከሥሩ ልጀምር። ባለቤቴ መታጠቢያ ቤት ውስጥ አዳልጧት ወደቀችና የዳሌዋ አጥንት ተሰበረ። ሐኪሞቹ በብረት ገጣጥመው፣ ሰፍተው፣ ወደ ቤት ሲሰዷት አንድ ነገር አጥብቀው አዘዙ፦ በሳምንት ሁለት ቀን ወደ ሆስፒታሉ የፊዚዮቴራፒ ክፍል እየሄደች፣ እዚያ ባሉት መሣሪያዎች እግሯን እያፍታታች ስድስት ወር ትቀጥል። “እማማ፣ በስድስት ወር ውስጥ የተፍታታ ተፍታታ፤ ያልተፍታታው እንደ ደረቀ ይቀራል” አላት ሐኪሙ። ያን ዕለት ወደ ቤታችን የወጣነው በአሮጌው አሳንሰር ነበር። አሮጌው አሳንሰር ያቃስታል፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ሲደርስ ቆም ብሎ ያስባል፣ ግን ያደርሳል፤ ባጭሩ እንደ እኔ ነው። ቤት በገባች በሃያኛው ቀን ግን የእርስዎ ሠራተኞች መጥተው በስድስት ቀን ውስጥ ነቃቅለው ወሰዱት፤ በእኔ ላይ ገና እንደዚያ ያለ ትእዛዝ ስላልወጣ ይኸው እጽፍልዎታለሁ።

ምስጋናዬ የሚጀምረው ከዚህ ነው። መሥሪያ ቤትዎ ተራ ቁጥር የሌለውን ጽሑፍ እንደማያነብ ስለ ነገሩኝ ቁጥር ሰጥቼዋለሁ፤ ቁጥር ያለውንም እንደማያነብ የነገሩኝ አሉ፣ እነሱን ግን አላመንሁም።

፩. ስለ ሰሌዳው።

በመግቢያው በር አጠገብ ስለ ሰቀላችሁልን የጊዜ ሰሌዳ የሕንፃው ነዋሪ ሁሉ ባለ ዕዳ ነው። ሠላሳ አንድ ዝርዝር ሥራዎች አንዱ ካንዱ ሥር ተሰልፈው፣ እያንዳንዱ መቼ ተጀምሮ መቼ እንደሚያልቅ በሰማያዊ መስመር ተስሎ፣ በመካከላቸው አንድ ቀይ መስመር ሲጓዝ ያየ ሰው አሳንሰሩ ባይመጣም ሥዕሉ ይበቃኛል ይላል። ከግርጌው “ቀዩ ወሳኙ መስመር ነው፤ በዚህ መስመር ላይ ያለ ሥራ አንድ ቀን ቢዘገይ ፕሮጀክቱ በሙሉ አንድ ቀን ይዘገያል” የሚል ማብራሪያ አለ። ጠቅላላው ሥራ በዘጠና ስምንት ቀን እንደሚያልቅም በትልቁ ተጽፏል። የሕንፃችን ጥበቃ እንግዳ በመጣ ቁጥር ከመቀመጫው ተነሥቶ በዱላው እየጠቆመ ያስረዳል፤ “ይኼ ሰማያዊው ቀለም ቅብ ነው፤ ይኼኛው በርና መቃን ነው፤ ቀዩ ደግሞ... ቀዩ ያው ቀይ ነው” ይላል። በኋላ እንደ ተረዳሁት በመሥሪያ ቤትዎም ከእሱ የተሻለ ማብራሪያ ያለው ሰው የለም።

፪. ስለ ትጋታችሁ።

በመጀመሪያው ወር የሠራችሁት ሥራ ብዛት ዓይን ያፈዝዛል። የአሳንሰሩ በሮች በየፎቁ ተተከሉ፤ መቃኖቻቸው ተቀቡ፤ ቀለሙ ስላልተወደደ ደግመው ተቀቡ። ከበሩ አጠገብ የመጥሪያ ቁልፍ ተገጠመ፣ ቁልፉም ሲጫኑት ደስ የሚል አረንጓዴ መብራት ያበራል። ከበሩ በስተጀርባ ያለው ባዶ ጉድጓድ ብቻ ነው። ላም አለኝ በሰማይ የሚለውን ተረት ስንሰማ ያደግን ሰዎች ላሚቱን የምንጠራበት ቁልፍ ይገጠምልናል ብለን አስበን አናውቅም ነበርና፣ ለዚህም ምስጋናችን ይድረስዎት። ጥበቃው በየሳምንቱ “ዛሬ ሠላሳ በመቶ ደርሷል”፣ “ዛሬ አርባ በመቶ ደርሷል” እያለ ያበሥረን ነበር። እኔ አናጢ ነኝ፤ የጠረጴዛ እግር ሳይጣበቅ ገበታውን የሚቀባ ተማሪ ስንቱን አሳድጌአለሁ፤ እነሱም ሲጠየቁ “አርባ በመቶ ጨርሻለሁ” ይሉኝ ነበር። ከመካከላቸው አንዱ እንኳ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ አልሆነም፣ ሳላበረታታቸው መቅረቴ ዛሬ ይቆጨኛል።

፫. ስለ ወንበሯ።

አሳንሰሩ ከተነሣ በኋላ ባለቤቴ ሕክምናዋን አላቋረጠችም። ማክሰኞና ዓርብ፣ በአንድ እጇ ምርኩዟን በሌላው የደረጃውን መደገፊያ ይዛ፣ እኔ ከፊቷ እየወረድሁ፣ ብትወድቅ እንኳ እኔ ላይ እንድትወድቅ ማለት ነው፣ ከሰባተኛ ፎቅ እስከ ምድር ትወርድ ነበር። እግሯ ሦስት ፎቅ ያህል ከወረደች በኋላ ይዝልባታል፤ ስለዚህ አራተኛው ፎቅ ላይ፣ ደረጃው በሚታጠፍበት ጥግ፣ በእጄ የሠራኋትን አንዲት ጠባብ ወንበር አስቀመጥሁላት። እዚያ ሩብ ሰዓት ተቀምጣ ትተነፍሳለች፣ ከሚያልፈው ሰው ጋር ታወራለች፣ ከዚያ ትቀጥላለች። ስትመለስም እንዲሁ። ውጣ ውረዱ ግማሽ ቀን ይፈጅ ነበር፤ እግሯ ግን ይፍታታ ነበር።

በሰማንያ አራተኛው ቀን ፊርማዎ ያረፈበት ማስጠንቀቂያ ደረሰን። “የአዲሱ አሳንሰር ሞተር ወደ ጣራው የሚወጣው በደረጃ በመሆኑ፣ በተራ ቁጥር ሃያ ሰባት የተመለከተው ‘ነዋሪዎች ከደረጃ ላይ ንብረታቸውን ማንሳት’ የተባለው ሥራ በወሳኙ መስመር ላይ እያለ ከተመደበለት ሰማንያ ቀን በላይ ስለ ዘገየ፣ ለፕሮጀክቱ መጓተት ኃላፊነቱን የሚወስዱት ነዋሪዎች ናቸው” ይላል። ጎረቤቶቼ የአበባ ማሰሮውንም ብስክሌቱንም ገና በመጀመሪያው ሳምንት አንሥተው ነበርና፣ በስምንቱም ፎቅ ደረጃ ላይ የቀረ ንብረት ቢኖር ያቺ ወንበር ብቻ ነበረች። እኔም ለማጣራት ያህል ሰዓት ይዤ ወንበሯን ከቦታዋ አነሣሁ፤ ዘጠኝ ሰኮንድ ፈጀ። ባለቤቴ ተቀምጣባት ከነበረና መጀመሪያ እሷን ማስነሣት ካስፈለገ አራት ደቂቃ ይሆናል፤ የጀመረችው ወሬ ካለ ደግሞ ስድስት።

“አንተ ሰውዬ፣” አለችኝ ባለቤቴ ማስጠንቀቂያውን ካነበብሁላት በኋላ፣ “አሳንሰሩን ያቆምሁት እኔ ነኝ ማለት ነው?”

“አዎ፣” አልኋት፣ “ተቀምጠሽ።”

፬. ስለ ሰኞው ስብሰባ።

ይህን ተአምር የሚያስረዳኝ ሰው ፍለጋ ወርጄ አንድ ወጣት መሐንዲስ አገኘሁ። ስሙን አልነግርዎትም፤ እንዲያውም ወጣት መሆኑንና መሐንዲስ መሆኑን ከአሁኑ ይርሱልኝ። ልጁ ግራ ቀኙን ካየ በኋላ፣ “አባባ፣ እውነቱን ልንገርዎት? ቀይ መስመር ላይ ሥራ ያለው የክፍል ኃላፊ ሰኞ ሰኞ ስብሰባ ላይ ተነሥቶ ይቆማል። ‘አስረዳ’ ይባላል። ሌላው ተቀምጦ ያየዋል። ማን ይወዳል?” አለኝ።

የቀረውን ልጁ በነገረኝ መሠረት ላስታውስዎት። የሞተሩ አቅራቢ ድርጅት፣ ማዘዣው ተፈርሞ ከደረሰው ቀን ጀምሮ ዕቃውን ለማድረስ አንድ መቶ ሃያ ስድስት ቀን እንደሚያስፈልገው በደብዳቤ ገልጾላችኋል። የግዥ ክፍሉ ኃላፊ ይህን ቁጥር ሰሌዳው ላይ ቢጽፍ ቀዩ መስመር እሱ ላይ እንደሚያርፍና በየሰኞው ሊቆም እንደሆነ አየ፤ “እንለምናቸዋለን፣ ያፋጥኑልናል” ብሎ ሰባ ቀን ብሎ ጻፈ። ማዘዣው ላይ የሚያርፈው የእርስዎ ፊርማ ደግሞ ዜሮ ቀን ተባለ፤ ፊርማ ጊዜ አይፈጅምና፣ ደግሞስ እርስዎን ማን ሊያስቆምዎት? ሌላውም ሌላውም እንዲሁ የራሱን ሥራ እያሳጠረ ከቀዩ ሸሸ። ቀዩ መስመር በክፍሎቹ ሁሉ በር ቢያንኳኳ የሚከፍትለት አጣ። በመጨረሻ ከመካከላቸው አንድ ብልህ ሰው ተነሥቶ፣ ነዋሪዎቹ ዕቃቸውን የሚያነሡበትን ጊዜ ሰማንያ ቀን አድርጉት፣ ከሰባው ይበልጣል፣ ቀዩ እዚያ ያርፋል አለ። “ነዋሪ ስብሰባ ላይ የለም፣ አባባ፤ ስለዚህ ማንም አይቆምም” አለኝ ልጁ፣ ዓይኑን ጫማው ላይ ተክሎ።

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ሲባል ሰምቼ ነበር፤ ዳውላውን በቀይ ቀለም ቀብተው ግድግዳ ላይ ሲሰቅሉት ግን ያየሁት በእርስዎ ዘመን ነው። ባለቤቴን በሌለችበት ስብሰባ ከሠላሳ አንድ ሥራ መካከል መርጣችሁ ስላስቆማችኋት አመሰግናለሁ፤ መቼም ሐኪሙ መቆም እንድትለማመድ ማዘዙን ሰምታችሁ ይሆናል።

፭. ስለ ምስማሮቹ።

የልጅ ልጄ ድልድይ በሚሠራ አንድ ድርጅት ውስጥ የሥራዎችን የጊዜ ሰሌዳ የምታወጣ ባለሙያ ናት፣ ቅዳሜ ቅዳሜም ልትጠይቀን ትመጣለች። ማስጠንቀቂያውን አነበበች፣ ልጁ የነገረኝን ሰማች፣ ከዚያም “አባባ፣ ምስማሮችህን አምጣልኝ” አለች። ጠረጴዛው ላይ ደረደረቻቸው፦ ረጅሙ ምስማር ሞተሩ እስኪደርስ ያለው መቶ ሃያ ስድስት ቀን፣ አጭሩ አሮጌውን ለማንሣት ስድስት ቀን፣ መካከለኛው አዲሱን ለመግጠም አሥራ ስምንት ቀን። “አሁን ከመጀመሪያ ወደ መጨረሻ ቁጠር፤ ማንም በምንም ቢፈጥን ከረጅሙ መንገድ ቀድሞ አይደርስም” አለችኝ። ቆጠርሁ፤ መቶ ሃያ ስድስትና አሥራ ስምንት፣ አንድ መቶ አርባ አራት ቀን። “አሁን ደግሞ ከመጨረሻው ወደ ኋላ ተመለስ፤ አሮጌው አሳንሰር ሳይነሣ እስከ መቼ መቆየት ይችል ነበር?” አለችኝ።

ክቡር ሆይ፣ ምስማሮቹን አንድ በአንድ ወደ ኋላ ቆጠርሁ። አሮጌውን ለማንሣት የሚፈጀው ስድስት ቀን ብቻ ነው። ማዘዣው በመጀመሪያው ቀን ተፈርሞ ቢሆን፣ አሮጌው አሳንሰር እያቃሰተም ቢሆን እስከ መቶ ሃያኛው ቀን ሰው ሲያመላልስ ቆይቶ፣ ከዚያ ተነሥቶ፣ አዲሱ በቦታው ይገጠም ነበር። ሕንፃው ያለ አሳንሰር የሚቆየው ሃያ አራት ቀን ብቻ ነበር። የስድስት ቀኑ ሥራ ከመቶ ቀን በላይ መፈናፈኛ ነበረው፤ እናንተ ግን መፈናፈኛ ያለውን ሥራ አስቀድማችሁ፣ መፈናፈኛ የሌለውን ማዘዣ ሳይፈረም ጠረጴዛ ላይ አስቀመጣችሁት። ለምን ቢባል አሳንሰር መንቀል ይታያል፣ ይቆጠራል፣ በመቶኛ ይነገራል፤ ወረቀት ላይ መፈረም ግን ለጥበቃው የሚነገር ነገር አይወጣውም።

አናጢ ይህን ለማወቅ ሰሌዳ አያስፈልገውም። ሰው ቁም ሣጥን ሲያዘኝ መጀመሪያ የማደርገው እንጨቱን መርጬ ጥላ ሥር ማድረቅ ነው፤ መጋዝ መሳል፣ ማጠፊያ መግዛት፣ ከባለቤቱ ጋር ስለ ቀለም መጨቃጨቅ፣ ሁሉም እንጨቱ እየደረቀ የሚሠራ ነው። እንጨት ተለምኖ አይደርቅም። ይህን አውቅ ነበር፤ የልጅ ልጄ ያስተማረችኝ ነገር ቢኖር ለዚህ እውቀት ደመወዝ የሚከፈላቸው ሰዎች መኖራቸውን ነው።

“አያትሽስ?” አለቻት ያን ጊዜ ባለቤቴ ከአልጋዋ ላይ ሆና። “የእኔን እግር የት አደረግሽው? ምስማር የለውም?”

የልጅ ልጄ አንዲት ምስማር አንሥታ ለብቻዋ አኖረች። “የአንቺ ስድስት ወር ነው፣ እማዬ። መፈናፈኛ የለውም” አለቻት።

፮. ስለ መልሳችሁ።

ይህን ስሌት በንጹሕ ወረቀት ገልብጠን፣ የመቅደሙን የመከተሉን ሥርዓት አስረድተን፣ ማዘዣውን ዛሬ እንዲፈርሙልን ለመንን፤ ደብዳቤውንም እኔው ራሴ ጽሕፈት ቤትዎ አስገባሁ። ብዙ ሰው መሥሪያ ቤት ለደብዳቤ መልስ አይሰጥም እያለ ያማል፤ እኔ ግን እመሰክራለሁ፣ መልሱ በሦስተኛው ቀን መጣልን። መልሱ ሁለት ወዛደሮች ነበሩ። አራተኛው ፎቅ ላይ ወጥተው፣ ባለቤቴ በአክብሮት እስክትነሣ ጠብቀው፣ ወንበሯን ይዘው ወረዱ። ዕለቱ ዘጠና ስምንተኛው ቀን ነበር፤ በሰሌዳችሁ መሠረት አሳንሰሩ የሚያልቅበት ቀን።

እኛ የዋሆች ስለሆንን አመንን። ወሳኙ መስመር ላይ የነበረችው ወንበሯ ከሆነች፣ ወንበሯም ከተነሣች፣ የቀረው መግጠሚያው አሥራ ስምንት ቀን ብቻ ነው አልን። ቆጠርን። በአሥራ ስምንተኛው ቀን ባለቤቴ ማልዳ ተነሥታ፣ ፀጉሯን አበጥራ፣ ጫማዋን አድርጋ፣ በሩ አጠገብ ተቀመጠች። እንደማይመጣ ጠፍቷት አይደለም፤ “ቢመጣና ነጠላ ጫማ አድርጌ ቢያገኘኝ፣ ‘ነዋሪዋ ስላልተዘጋጀች’ ብለው ይጽፉብኛል” አለችኝ እንጂ።

፯. የመጀመሪያዋ በተወሰደችበት በዚያው ሳምንት ሁለተኛ ወንበር ሠርቼ ባስቀምጥ በማግስቱ ስለ ወሰዳችሁት አመሰግናለሁ፤ ከመጀመሪያዋ ይልቅ ቀላል ነበርና ወዛደሮቹ አልደከሙም።

፰. ስለ ሦስተኛው ወንበር።

ሦስተኛው የሚታጠፍ ነበር፤ እኔው በጀርባዬ ተሸክሜው ከፊቷ እንድወርድ። ስድስተኛው ፎቅ ላይ ስንደርስ እሷ ሳትደክም እኔ ደከምሁና ወንበሩን ዘርግቼ ተቀመጥሁበት። እሷ ምርኩዟን ተደግፋ ከላይ እያየችኝ፣ “አሁን ማን ለማን ነው የተሸከመው?” ብላ እስክትንፈቀፈቅ ሳቀች። ያን ቀን ወደ ቤት የመለሱን ጎረቤቶቻችን ናቸው፣ ሁለታችንንም። ከዚያ በኋላ አልወረደችም። የፊዚዮቴራፒው መሣሪያ የሆስፒታሉ ነው፣ እኛ ዘንድ አይወጣም፤ የጎረቤት ትከሻም አንድ ቀን ይለመናል እንጂ በሳምንት ሁለቴ አይለመንም። ዘጠኝ ሳምንት ቤት ውስጥ ከመስኮት እስከ በር፣ ከበር እስከ መስኮት ተመላለሰች፤ የማታጥፈው እግር ደግሞ ዘይት እንደማይቀባ ማጠፊያ ነው።

ያለፈው ሐሙስ ስድስቱ ወር ሞላ። የሐኪሙ ቀጠሮ ስለሆነ የሦስተኛው ፎቅ ልብስ ሰፊ፣ የታክሲው ሹፌር፣ ጡረተኛው አስተማሪና ጥበቃው ራሱ ሆነው፣ በማዕድ ቤት ወንበር ላይ አስቀምጠው ተሸክመው አወረዷት። እሷም ከላይ ሆና እንደ ጄኔራል ስታዝ ነበር፤ “ቀስ በል ልጄ፣ ዕቃ አይደለሁም፤ ዕቃ ብሆን ኖሮ ቀይ መስመር ላይ ጽፈው ያስነሡኝ ነበር።” ሐኪሙ እግሯን ወደ ላይ አለ፣ ወደ ጎን አለ፣ እንደገና ሞከረ። “ለምን አቋረጡ፣ እማማ?” አላት። “ስብሰባ ላይ ስላልነበርሁ ነው” አለችው። አልገባውም፤ ማስረዳትም አልፈለገችም። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ በደልዳላ ቦታ በምርኩዝ እንደምትሄድ፣ ደረጃ ግን ከእንግዲህ እንደማይሆንላት ነገረኝ። ለጊዜው ነው ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ለጊዜው አይደለም አለኝ።

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ የተጻፈው አሮጌው አሳንሰር መነቀል በጀመረ በመቶ ስልሳ ስምንተኛው ቀን ነው። ማዘዣው በመጀመሪያው ቀን ተፈርሞ ቢሆን አዲሱ አሳንሰር ሥራ ከጀመረ ሦስት ሳምንት ባለፈው ነበር፣ ባለቤቴም እግሯን ይዛ በቀረች። እኔ ግን እርስዎን ለመውቀስ አልጻፍሁም፤ ወቀሳ ቀድሞ ለተከናወነ ሥራ ነው፣ እርስዎ ደግሞ ገና ምንም አላከናወኑም። እንዲያውም አንድ ሸክም ላቃልልዎት ብዬ ነው። እስካለፈው ሐሙስ ድረስ በእኔ ቤት በኩል የሚያስቸኩል ነገር ነበር፤ ከሐሙስ ወዲህ የለም። ባለቤቴ የነበራትን ቀን ጨርሳለች። ስለዚህ ከእንግዲህ ሰኞ ሰኞ ስትሰበሰቡ በሰባተኛው ፎቅ ግራ በኩል የሚዘገይ ሥራ አለ ብላችሁ እንዳትሳቀቁ፤ የፈለጋችሁትን ያህል መፈናፈኛ ከእኛ ውሰዱ።

የምለምንዎት አንድ ነገር ብቻ ነው። ያቺ ማዘዣ ዛሬም ጠረጴዛዎ ላይ፣ በስተቀኝ ካለው ክምር ከላይ ሦስተኛዋ ናት ይላሉ። ከላይዋ ያሉት ሁለቱ ምን እንደሆኑ አላውቅም፤ ምናልባት ሌሎች ወንበሮች እንዲነሡ የሚያዝዙ ይሆናሉ። በእነሱ ላይ ከፈረሙ በኋላ ብዕርዎ ገና ቀለም ካለው፣ ሦስተኛዋም ላይ ይፈርሙ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ መቶ አርባ አራት ቀን ነው፤ ይህን የምልዎ በምኞት አይደለም፣ ቆጥሬ ነው። ባለቤቴ ሰባ አራት ዓመቷ ነው፣ ደረጃ አትወርድም፤ ከዚህ ቤት የምትወጣበት በር ያ ፊርማ ብቻ ነው። ሰሌዳው ላይ ዜሮ ቀን ብላችሁ የጻፋችሁት ሥራ፣ ክቡር ሆይ፣ የእሷ ቀሪ ዕድሜ ነው።

ጠረጴዛዎ የማይጎድል፣ ክምርዎ የማይናድ፣ ስብሰባዎ ሁልጊዜ በተቀመጡ ሰዎች የተሞላ ይሁንልዎት እያልሁ፣ ጎንበስ ብዬ፣ መደገፊያውን ይዤ፣ በሰባት ፎቅ ደረጃ ከፍታ ልክ ያለኝን አክብሮት እገልጽልዎታለሁ።

ያለማቋረጥ የሚያስታውስዎት፣
የሰባተኛው ፎቅ፣ የግራ በኩሉ አናጢ

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ከመላኬ በፊት ለባለቤቴ አነበብሁላት። “ምንም ቢሆን የሰው ልጅ ነው” ብላ ሁለት ስድብ አስወጣችኝ። የወጡት ስድቦች በጥሩ ሁኔታ ተጠቅልለው እሷ ዘንድ ተቀምጠዋል፤ የእርስዎ ንብረት ስለሆኑ መጥተው መውሰድ ይችላሉ። ቀጠሮ መያዝ አያስፈልግዎትም፤ እሷ ሁልጊዜ ቤት ናት።